የቤተ ልሔሙ እንጨት

የደሴቲቱን ስም አልጠራም። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሁለት ሰዓት የማታስኬድ፣ ከዳር እስከ ዳር ቡና የለበሰች ደሴት ናት ብል ይበቃል። የራሴን ስም ግን አልደብቅም፤ አንዳርጋቸው እባላለሁ። በደርግ ጊዜ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። ጅማ ተወልጄ ቡና ሥር ስላደግኩ፣ ስለ ቡና ተባይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በጎጃም ምድር የለም ብዬ አምን ነበር። እውነትም አውቅ ነበር። ነገሬን አስቀያሚ ያደረገውም እሱ ነው፤ ባላውቅ ኖሮ ቢያንስ አላወቅኩም ብዬ እተኛ ነበር።

ነገሩን የጀመሩት ወይዘሮ የብርጓል ናቸው። በ1975 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ቢሮ ስደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። በደንገል ታንኳ ስለ መጡ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ክንድ የሚያህል የቡና ግንድ ታቅፈዋል። ዘበኛው "ሕፃን ሊያሳክሙ የመጡ መስሎኝ ጤና ጣቢያ ልልካቸው ነበር" እያለ ይስቅባቸዋል።

"ጌታዬ፣ ቡናዬ ታመመብኝ" አሉኝ። "ከሥሩ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ነገር ይረግፋል። የደረቀችውን አንዷን ፈልጬ ባይ ይኸን አገኘሁ። እርስዎ ያውቁታል አሉኝና ይዤው መጣሁ።"

ሴንጢዬን አውጥቼ ግንዱን ሰነጠቅኩት። እግር የሌለው፣ ነጭ፣ የጣት ርዝመት ያለው ትል ብርሃኑ ሲነካው ተጣመመ። ደስ አለኝ። ይህን ሳልሸሽግ ልናገር፤ ሴትዮዋ ሕይወታቸውን በኮባ ጠቅልለው አምጥተው ፊቴ ሲዘረጉት፣ እኔ በመጽሐፍ ሥዕሉን ብቻ የማውቀውን ትል በእጄ በመያዜ ደስ አለኝ።

እዚያው በረንዳው ላይ እንደ አስተማሪ አስረዳኋቸው። ወላጁ ጥንዚዛ ነው፤ አመድማ፣ ቀንዱ ከራሱ ገላ የሚረዝም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ከግንዱ ይወጣል። ሴቲቱ ከዛፉ እግር አጠገብ ልጡን በጥርሷ ትሰነጥቅና እንቁላሏን አንድ አንድ እያለች ትሸጉጣለች። የተፈለፈለው ትል መጀመሪያ ከልጡ ሥር እየዞረ ዛፉን እንደ መቀነት ይበላዋል። መቀነቱ ከገጠመ ዛፉ ይሞታል፤ ካልገጠመ ትሉ ወደ እንጨቱ ልብ ይገባና ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እየቦረቦረ ይኖራል። ዛፉ ከላይ ለምለም ነው፤ ያብባል፣ ያፈራል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ባለቤቱ ሲደነግጥ ትሉ ጠግቦ፣ ልጡ አጠገብ ተጠቅልሎ፣ ዝናቡን እየጠበቀ ነው።

"መድኃኒቱስ?" አሉኝ፣ ሁሉን በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ።

"መድኃኒት የለውም፤ ቆርጦ ማቃጠል ነው።"

"እሺ፣ አንዲቷን እቆርጣታለሁ" አሉ። አንዲቷን ብቻ የነካ መስሏቸው ነበር።

እኔ ግን ከዚያች አንዲት ዛፍ ብዙ ነገር አየሁ። ደሴት ናት፤ ዙሪያዋ ውኃ ነው። ጥንዚዛው ያን ሁሉ ባሕር በርሮ አይሻገርም። የተያዘው ዛፍ ሁሉ ከግንቦት ዝናብ በፊት ተቆርጦ ከተቃጠለ ተባዩ ከነዘሩ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ሥራ ያሳካ ባለሙያ ደግሞ ቡልጋሪያ ለትምህርት ከሚላኩት ውስጥ ስሙ አይታጣም። ዕቅዱን በሁለት ቀን ጽፌ ለኃላፊዬ አስገባሁ።

ደሴቲቱ ላይ በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም። ቡናውን ይሸጣሉ፣ እህሉ ከደንቢያ፣ ከቆላ ድባ ገበያ በታንኳ ይመጣላቸዋል። በቆመ ዛፍ ላይ መጥረቢያ ማሳረፍ በግዝት የተከለከለ ነው። ዛፍ በራሱ ጊዜ ሲሞት ብቻ ይቆረጣል። በየዓመቱ በታቦቱ ንግሥ ዕለት እያንዳንዱ ቤት ከቡናው ለደብሩ ይሰጣል፤ የሚሰጠው የሌለው ቤት የደሴቲቱ ሰው ተብሎ አይቆጠርም፤ ጎጆውን ለሌላ ለቆ ባሕሩን ይሻገራል። ደርግ መሬቱን የሕዝብ ነው ብሎ ካወጀ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ግን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አካሉ ራሱ አባል የሚመዘግበው የቆመ የቡና ዛፍ ላለው ሰው ነበር።

ደሴቲቱን ዞረው ያሳዩኝ ወይዘሮ የብርጓል ናቸው። ቀይ ቀለም በጣሳ ይዤ እከተላቸዋለሁ፤ እሳቸው እየጎነበሱ ብናኙን በጣታቸው ያሳዩኛል፤ እኔ ግንዱን እቀባለሁ። ለጎረቤቶቻቸው ደግ የሠሩ መስሏቸው የተደበቀውን ሁሉ ገለጡልኝ። በመጨረሻ የራሳቸው ጓሮ ደረስን። አርባ አንድ ዛፍ ነበራቸው። ሠላሳ ስምንቱን ቀባሁ።

አልጮኹም። "እኔ ያሳየሁዎት አንዲቷን ነበር" ብቻ አሉ። ከዚያ ያልተቀቡትን ሦስቱን እየዞሩ ግንዳቸውን ዳሰሱ። "እነዚህ ይበቁኛል። ሦስትም ቢሆን ቡና ነው፤ ከደሴቲቱ አያስወጣኝም።"

"አያስወጣዎትም" አልኳቸው።

ቆረጣው በመጋቢት አራት ቀን ፈጀ። አብዮት ጠባቂዎች ጠብመንጃ ይዘው ስለ ቆሙ እምቢ ያለ የለም፤ ግን አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። እኔን መስደብ ስላልቻሉ ወይዘሮ የብርጓልን ያዙ። ጎረቤታቸው ወለተ ሚካኤል፣ ሃያ ዓመት እሳት የተጫጫሩ ሴት፣ "መጥረቢያውን በታንኳ ጭና ያመጣችብን እሷ ናት" አሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ የብርጓል ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ ሌሎቹ ሴቶች እንስራቸውን አንሥተው ይሄዱ ነበር።

ቅርንጫፉን ሜዳ ላይ አቃጠልነው። ወደ ግንዶቹ ስንዞር ቄሰ ገበዝ መርስዔ ኀዘን፣ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው መጡ።

"ልጄ፣ በዚህች ደሴት የቡና ግንድ ሜዳ ላይ ነዶ አያውቅም" አሉኝ። "ዛፍ ሲሞት ግንዱ ለቤተ ልሔም ነው። መሥዋዕቱ የሚጋገረው በእሱ ነው፤ ሌላ እንጨት አናስገባም። ግዝቱን አስፈረሳችሁን፤ ዝም አልሁ። አሁን ደግሞ እንደ ቤት ጥራጊ እናንድደው? ለእኛ ይተዉልን። መቃጠሉ እንደሆነ አይቀርለት።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ይኸን ያህል እንጨት? ሁለት ዓመትም ሦስት ዓመትም ይነድልናል።"

ሁለት ዓመት ሲሉ ጆሮዬ መጮህ ነበረበት። ክምሩ ውስጥ የተኙት ትሎች ስንት ወር እንደቀራቸው ከደሴቲቱ ሰው ሁሉ የማውቅ እኔ ነኝ። ግን ጀልባው ጥሩምባውን እየነፋ ነበር፤ ሪፖርቱ ሰኞ ይፈለጋል፤ አካሉም "ጓድ አንዳርጋቸው፣ ሕዝቡ መርሮታል፤ ይችን እንኳ ተውለት" አለኝ። "እንግዲያው ዝናብ ሳይጥል ጨርሱት" አልኩ። ቄሰ ገበዙ "እሺ" አሉኝ፤ ለመንግሥት ሰው እሺ እንደሚባለው። ጀልባው ላይ ሆኜ ሳይ ወይዘሮ የብርጓል ሠላሳ ስምንቱን ግንድ አንድ በአንድ በትከሻቸው ወደ ቤተ ልሔሙ ያመላልሳሉ። የሚያግዛቸው ሰው አልነበረም።

ሪፖርቴ ላይ "በተባዩ የተያዙ ዛፎች ሙሉ በሙሉ ተቆርጠው ተቃጥለዋል" ብዬ ጻፍኩ። በስብሰባ ተነበበ፤ ተጨበጨበልኝ።

በሰኔ ወይዘሮ የብርጓል እንደገና መጡ። አሁን የያዙት ትንሽ ቅል ነው፤ አፉ በጨርቅ ተወትፏል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሲከፍቱት አመድማ ጥንዚዛዎች ረጅም ቀንዳቸውን እያወናጨፉ ወጡ።

"ከቤተ ልሔሙ ክምር ነው የሚወጣው" አሉኝ። "ልጡን ክብ አድርጎ እየበሳ ይወጣል፣ አንተ እንዳልኸው። ሰዉ ቀንዳም ዝንብ ነው እያለ ይስቃል። ክምሩ እኮ እንዳለ ነው ልጄ፤ ገና ከጫፉ ነው የነካነው። ና እና ንገራቸው፤ ዛሬ ቢነድ የቀረው ይሞታል።"

መጀመሪያ ስንገናኝ እርስዎ ይሉኝ ነበር። አሁን አንተ፣ ልጄ አሉኝ። ሌላ ሰው ስለማያናግራቸው ይመስለኛል።

መሄድ እችል ነበር። ጀልባ ነበር፤ ጋዝ ነበር፤ አንድ ቀን ይበቃ ነበር። ግን ከሄድኩ "ሙሉ በሙሉ ተቃጥለዋል" ያልኩት ምን ይሆናል? ያኔ ሐሰተኛ ሪፖርት ስሕተት አይባልም፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው የሚባለው፤ በእሱ የገባ ሰው የሚወጣበት ቀን አይታወቅም። የቡልጋሪያው ፎርም መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ።

"ስሚ" አልኳቸው። እናቴን የሚያህሉ ሴት። "ያ ክምር የማን እንጨት ነው? በትከሻሽ ተሸክመሽ የከመርሽው አንቺ አይደለሽም? አቃጥሉ የተባለውን ደብቃ አስቀመጠች ቢባል ምን ትመልሻለሽ? ይህ አሻጥር ነው። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ከተናገርሽ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ።"

ፊታቸው አመድ ሆነ። ጥንዚዛዎቹን ለቅመው ቅሉን መልሰው ወተፉት። ክምሩን የፈቀድኩት እኔ መሆኔን ረስተውት ይሁን ወይም የመንግሥት ሰው ያለው ሁሉ እውነት መስሏቸው አላውቅም፤ ጥፋተኛ ነኝ ብለው አመኑኝ።

"ምን ይሻለኛል?" አሉ በመጨረሻ።

እዚህ ላይ ደግ ሆንኩ። ደግነቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሦስቱን ዛፎች እንዴት እንደሚጠብቁ አስተማርኳቸው፤ በየማለዳው ከግንዱ ሥር ጥንዚዛ መልቀም፤ ልጡን ከመሬት እስከ ክንድ ቁመት በበቆሎ ቆረቆንዳ እየፈተጉ ማለስለስ፤ እንቁላሉ የሚሸጎጥበት ስንጥቅ አለማስቀረት። እጄን ስመው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ወደ ደሴቲቱ የሚያስኬድ ሥራ ሲመጣ ለሌላ ሰው እየገፋሁ አንድ ዓመት ተኩል አለፈ። በየክረምቱ ምን እየሆነ እንዳለ ግን አውቅ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት እንቁላል፤ ከዚያ መቀነቱ፤ ከዚያ ወደ ልብ መግባት። ዝናብ በቢሮዬ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እቆጥር ነበር።

በ1977 ታኅሣሥ ጓድ አካሉ ቢሮዬ መጣ። የደሴቲቱ ቡና እየጠፋ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት አንድም ለምለም ዛፍ የለውም። ይህ ሳያንስ ማኅበሩ ሃያ አባወራ በፈቃዱ ወደ መተከል ሰፈራ እንዲልክ ታዝዟል። ቡና የቆመለት አይነሣም፤ ያልቆመለት ይነሣል። አሥራ ዘጠኝ ተመዝግቧል። የዛፎቹን ሁኔታ አይቶ የሚፈርም ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ኃላፊዬ ደሴቲቱን የሚያውቃት አንዳርጋቸው ነው አለ። አሁን የምገፋለት ሰው አልነበረም።

ከጀልባው ስንወርድ ደሴቲቱ ቢጫ ነበረች። ዛፍ ስትደገፍ በእጅህ ላይ ይሰበራል። ከአካሉና ከአብዮት ጠባቂዎቹ ጋር ከቤት ቤት ዞርን፤ ሰዉም እየተከተለን ይበዛል። ወይዘሮ የብርጓል ጓሮ ስንደርስ ሁላችንም ቆምን። ሦስቱ ዛፎች አረንጓዴ ናቸው፤ ቀይ ፍሬ ጎንበስ አድርጓቸዋል። ግንዳቸው ከመታሸቱ ብዛት እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ይለሰልሳል። እሳቸው ፍሬ እየለቀሙ ነበር።

"ልጄ፣ መጣህልኝ?" ብለው ሮጡ። ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ ቤት ገብተው አንድ ትልቅ ቅል ይዘው ወጡ። የደረቀ ጥንዚዛ እስከ አንገቱ ሞልቶታል።

"ሁለት ክረምት የለቀምሁት ነው" አሉ፤ ወደ ሰዉም ዞሩ። ሊያስመሰግኑኝ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውለታ ሊመልሱልኝ። "ከቤተ ልሔሙ ክምር ሲወጣ እየጠበቅሁ ነው የያዝሁት። ይኸ ልጅ ባይመክረኝ እኔም እንደ እናንተው ባዶ እቀር ነበር።"

የሰጉበትን ሁሉ በደስታቸው ረሱት። አካሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ከክምሩ? ክምሩ ተቃጥሏል ተብሎ አልተጻፈም እንዴ?" አለ፣ ያን ቀን ተውለት ያለኝ እሱ እንዳልሆነ ሁሉ። "አንተስ ከሁለት ዓመት በፊት ታውቅ ነበር ማለት ነው?"

ያን ጊዜ የተናገርኩትን አስቤ የተናገርኩት አይደለም ብዬ ራሴን ለማጽናናት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ውሸት ነው። ከጀልባው ሳልወርድ ይህ ጥያቄ ቢመጣ ምን እንደምል አዘጋጅቼ ነበር፤ ቅሉ ብቻ ነው ያልጠበቅኩት፤ እሱም ጠቀመኝ።

"ጓድ አካሉ" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ "ተባይ በቅል የሚያጠራቅም ሰው ምን ይባላል? ደሴቲቱ በሙሉ ስትደርቅ የዚህች ሴት ጓሮ ብቻ የለመለመው ለምንድን ነው?"

መቀጠል አላስፈለገኝም። የቀረውን ሰዉ ጨረሰው። ወለተ ሚካኤል "እኔ አይቻታለሁ፤ ጎሕ ሲቀድ ጀምራ በቤተ ልሔሙ ዙሪያ ትንጎዳጎዳለች፤ ትይዛለች፣ በቅል ትከታለች። የምትረጭብን እሷ ናት" አሉ። አንዱ ድግምት አለ፤ ሌላው አሻጥር አለ። ቄሰ ገበዝ መርስዔ ኀዘን ዳር ቆመው ነበር። ክምሩን ማን እንደ ለመነ፣ ማን እንደ ፈቀደ ያውቃሉ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። መሬት መሬት አዩ።

ወይዘሮ የብርጓል ቅሉን እንደታቀፉ ከእኔ ወደ ሰዉ፣ ከሰዉ ወደ እኔ ያያሉ። "ንገራቸው እንጂ" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ተባዩ በሦስቱም ዛፎች ውስጥ አለ" አልኩ። "ቀለም አምጡ።"

ቀባኋቸው። ፍሬያቸውን እንደተሸከሙ መጥረቢያ ገባባቸው። የመጀመሪያው ሲወድቅ አካሉ ጎንበስ ብሎ ቁራጩን አየ። ነጭ ነው፤ አንድ ቀዳዳ የለበትም።

"ንጹሕ ነው" አለ።

"ውስጥ ነው ያለው፤ ከፍ ብላችሁ ቁረጡ።"

ከፍ ብለው ቆረጡ፤ ነጭ ነው። ሁለተኛውም ነጭ፣ ሦስተኛውም ነጭ። ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሞ የንጹሕ እንጨት ቁራጭ ሲበዛ እያየ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ያልጮኹት ስላልገባቸው አይመስለኝም። ገብቷቸው ነበር። አካሉ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን አወጣና በሃያኛው ተራ ስማቸውን ጻፈ። እሱም የጎደለው አንድ ነበር።

እኔም "በደሴቲቱ በተጠቀሰው ግቢ የቆመ የቡና ዛፍ የለም" ብዬ ፈረምኩ። ይህኛው እውነት ነበር። በመስከረም ቡልጋሪያ ሄድኩ፤ ስለ ግንድ ቦርቧሪ ጥንዚዛዎች ጽፌ ተመረቅኩ።

ሃያዎቹ ቤተሰቦች በፈረምኩ ማግሥት ተጫኑ። ሌላ ጀልባ ስላልነበረ እኔም አብሬያቸው ተሳፈርኩ። የሦስቱ ዛፎች ግንድ የት ደረሰ ብዬ ስጠይቅ፣ ማታውኑ ወይዘሮ የብርጓል ራሳቸው ተሸክመው ቤተ ልሔም አስገብተውታል አሉኝ፤ ወጉ ስለሆነ። ወይዘሮ የብርጓል ጫፍ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ የሚሰደዱት ጎረቤቶቻቸው እንኳ አጠገባቸው ቦታ እያለ ቆመው ይሄዳሉ። ባዶው ቦታ የቀረው እሳቸው አጠገብ ስለነበረ ሄጄ ተቀመጥኩ። ይሰድቡኛል፣ ይተፉብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢተፉብኝ ይሻለኝ ነበር።

ባሕሩ መሐል ስንደርስ ዞር አሉ።

"እርስዎ የተማሩ ነዎት" አሉኝ። "የምንወርድበት አገር ቡና ይበቅላል?"

የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። ከሦስቱ ዛፎች የለቀሙት ቀይ ፍሬ ነው፤ አንድ እፍኝ አይሞላም። የሚወርዱበትን አገር በካርታም በእግሬም አውቀዋለሁ፤ ሐሩሩ ቡናን ቅጠል ሳያወጣ ይገድለዋል። ጥላ የለም፣ ጭጋግ የለም። በጎጃም ምድር ስለ ቡና ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም ብያችሁ ነበር።

"ይበቅላል" አልኳቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉና ፍሬውን መልሰው ቋጠሩት።